የእትዬ አስካለ ግራ እጅ

ረቡዕ፣ በሰኔ ሁለተኛ ሳምንት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እትዬ አስካለ ሀና ማርያም ባለው ቤታቸው ሞቱ። የገደላቸው ለብዙ ዓመታት አብሯቸው የኖረው የስኳር በሽታ ነው።

የደወለልኝ ከማል ነው። ከማል በእትዬ አስካለ ወርክሾፕ የጉልምስናውን ዕድሜ የጨረሰ፣ በመጨረሻም በእሳቸው የምስክርነት ቃል አንድ ክረምት ታስሮ የወጣ ሰው ነው። ሰላምታ አላስቀደመም።

“ሴትዮዋ ሞተች” አለኝ።

አብሯቸው በሠራበት ዘመን ሁሉ፣ በሌሉበት እንኳ “እሳቸው” ከማለት ዝቅ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

“ለቅሶ ትደርሳለህ?” ስል ጠየቅሁት።

“ድንኳን የሚተክል ሰው ጠፍቶ እኔን ጠሩኝ። ገመድ ይዤ እየሄድኩ ነው።”

እትዬ አስካለ መሐንዲስ ነበሩ። ውጭ አገር ተምረው መጥተው አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሠሩ፤ ከአለቆቻቸው ጋር በየተራ ተጣልተው ወጡ። ከዚያም ከላፍቶ ወደ ለቡ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ብሎኬት ማምረቻ ጀርባ፣ አሮጌ ኮንቴይነር አስቀምጠው ውስጡን ጥቁር ቀለም አስቀቡት። ሥራቸው በዓይን የማይታይ የብረት ስንጥቅ መፈለግ ነበር። የክሬን መንጠቆ፣ የሚኒባስ መሪ ክንድ፣ የወፍጮ ዘንግ ይመጣላቸዋል። ብረቱ ከጸዳ በኋላ በልዩ ዘይት ይቀባል። ስንጥቅ ካለ ዘይቱ ሰርጎ ይገባል። ላዩ ላይ የቀረው በውኃ ይታጠባል፤ ብረቱ ይደርቃል፤ ነጭ ዱቄት ይነሰነስበታል። ከዚያ በሩ ይዘጋና ጥቁር መብራት የሚባለው፣ ሐምራዊ ጭላንጭል ብቻ የሚታይበት መብራት ይበራል። ስንጥቅ ውስጥ የቀረው ዘይት ወደ ዱቄቱ ይወጣና አረንጓዴ መስመር ሆኖ ያበራል። ስንጥቅ ከሌለ ምንም አይታይም። ዘይቱን በወርክሾፑ ውስጥ “አረንጓዴው” ነበር የሚሉት።

መጀመሪያ የሄድኩት በግንባታ ቦታ ስለሚደርሱ አደጋዎች ዘገባ እየሠራሁ ነው። መታወቂያዬን አሳየኋቸው።

“ጋዜጠኛ ነህ?” አሉኝ። “እንግዲያው ጨለማ ውስጥ መቀመጥ አይከብድህም። ግባ።”

ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ከሳቸው ፊት ለፊት አስቀመጡኝ። ብዙ ቆየን። መብራቱን ሲያበሩ ጠረጴዛው ላይ ሦስት የላሜራ ቁራጮች ነበሩ። በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ ጠብታ አለ። አንዱ ጠብታ እንደ ድመት ዓይን ቦግ ብሏል። ሁለተኛው ደብዝዟል። ሦስተኛው ጠፍቷል ማለት ይቀላል።

“የትኛው ነው የተበላሸ ዘይት?”

ሦስተኛውን አሳየሁ።

“ጥሩ። ነገ ይህንኑ ጻፍና ሕዝብ አሳስት። ሦስቱም ከአንድ ጠርሙስ ናቸው። ያኛው ቀዝቃዛ ላሜራ ላይ ነው። ይሄኛው ከምድጃ አሁን የወረደ ላሜራ ላይ ነው። ያ ደግሞ የባትሪ አሲድ ጠብ ብሎበታል። ዘይቱን ብቻ አትይ፣ የተቀመጠበትን እይ።”

የሞቀውን ላሜራ በጉጠት ይዘው ሥሩን ውኃ አስነኩት። የደበዘዘው ጠብታ እያየሁት ቀስ ብሎ ተመለሰ፣ ከመጀመሪያውም እኩል ሆነ። ሳላስበው “አቤት!” አልኩ።

“ደስ አለህ?” አሉና ላይተር ለኩሰው ያንኑ ላሜራ ከሥሩ ጠበሱት። ከዚያ ደግመው ውኃ አስነኩት። ላሜራው ቀዘቀዘ፤ ጠብታው ግን አልተመለሰም። “ሲሞቅ ይደበዝዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ሲጠበስ ግን ሞተ። ልዩነቱን የማያውቅ ሰው እዚህ ቤት ብረት አይነካም።”

ሙቀት ለምን እንደሚያደበዝዘው ጠየቅኋቸው። ያገኘውን ኃይል በብርሃን ማውጣት ሲገባው በመንቀጥቀጥ ይጨርሰዋል አሉኝ። ቀጥለውም “ልክ እንደ ከማል” አሉ። “ስትጮህበት ሥራው ሁሉ በመንቀጥቀጥ ያልቃል።”

ከበሩ በኩል ሳቅ ሰማሁ። ከማል እዚያ መቆሙን እስከዚያች ሰዓት አላወቅሁም ነበር። በኋላ ስመላለስ፣ እሳቸው ስለሱ በቀለዱ ቁጥር እሱ ቀድሞ እንደሚስቅ አስተዋልኩ።

ብረት ሳይቀዘቅዝ ማንበብ፣ ማለትም በመብራቱ ስንጥቁን መፈለግ፣ ክልክል ነበር። መቀዝቀዙን የሚያውቁት ደግሞ በግራ እጃቸው አንጓ ነው፣ የሕፃን ጡጦ ወተት ሙቀት በሚለካበት በውስጠኛው በኩል። ብረቱን ያስጠጉታል፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ወይ “ይነበብ” ወይ “ይቆይ” ይላሉ። በዚህ ምክንያት ሰዓታቸውን በቀኝ እጃቸው ነበር የሚያስሩት። ግራው ለብረት ነው። ያን ያህል ዘመን ብረት የነካው አንጓ አንድም ምልክት አልነበረበትም። አንድ ጊዜ እጅጌያቸውን ሰብስበው አሳይተውኛል። “እይ፤ የሙሽራ እጅ ነው። የሚቃጠል ሰው የሚቸኩል ሰው ነው።”

ከማል ግን ምልክት አለው። ሥራ በጀመረ ሰሞን አንድ ባለጥርስ መዘውር ሳይቀዘቅዝ ይዞላቸው ገባ። አንጓቸውን አስጠግተው ወዲያው መለሱት፤ ከዚያ “እጅህን ዘርጋ” አሉት። ዘረጋ። መዘውሩን መዳፉ ላይ አስቀመጡና “ሲቀዘቅዝ ንገረኝ” ብለው ሻይ ሊጠጡ ወጡ። ይህን የነገረኝ ከማል አይደለም፤ እሳቸው ራሳቸው ናቸው፣ እሱ ባለበት፣ እንደ ጨዋታ። ከማል መዳፉን ገልብጦ አሳየኝ። የጥርሶቹ አሻራ በተርታ አለ።

“ታዲያ ለምን አልጣልከውም?” አልኩት።

“ከጣልኩት ይሰነጠቃላ!” አለኝ፣ እሱም እየሳቀ። እትዬ አስካለ ከእኛ በላይ ሳቁ።

ስንጥቅ የተገኘበትን ብረት ለባለቤቱ አይመልሱም ነበር። ከኮንቴይነሩ በር ላይ አንድ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ አለ። ብረቱን እዚያ ላይ አስቀምጠው፣ ባለቤቱ እያየ፣ በትልቅ መዶሻ ይሰብሩታል። አንድ የሚኒባስ ባለቤት የመሪ ክንዱ ሲሰበር መሬት ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ነበርኩ።

“እትዬ፣ በጌታ! ልጆቼን ምን ላብላቸው?”

“የተሳፋሪ አባት አታብላቸው እንጂ ያሻህን አብላቸው” አሉት። ቀጥሎ ያለውን ሰውም ጠሩ። ሰውዬው እስከ ዛሬ በዚያው መስመር ይሠራል። ከዚያ ቀን ወዲህ አደጋ አልደረሰበትም። ይህ በእሳቸው ምክንያት ነው ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ አይደለም ብሎ መጻፍም አይቻልም።

አንድ ጊዜ አዲስ ምሩቅ መሐንዲስ ቀጠሩ። ልጁ ፀሐይ ሲያገኘው የሚጠቁር መነጽር ያደርጋል። በጥቁር መብራቱ ፊትም መነጽሩ ይጠቁራል፤ ጨለማ ውስጥ ስለሆነ ልጁ አያውቅም። እሳቸው አውቀዋል። በመጀመሪያው ሰዓት ሊነግሩት ይችሉ ነበር። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ድረስ እንዲያነብ ተዉት፤ እያንዳንዱን ብረት ከኋላው ለራሳቸው ደግመው አነበቡ። ዓርብ ዕለት ደንበኞች በተሰበሰቡበት መነጽሩን ከፊቱ ላይ አንስተው መብራቱ ሥር ያዙት። ጠቆረ። “ይኸውላችሁ የሳምንቱ ሥራው” አሉ። ልጁ ቦርሳውን እንኳ ሳይወስድ ሄደ። ቦርሳውን ቤቱ ድረስ ያደረሰለት ከማል ነው።

ስኳር እንዳለባቸው ሁሉም ያውቅ ነበር። ምን ያህል እንደጎዳቸው ግን ያስተዋለው ከማል ብቻ ነው። አንድ ማለዳ ከእሳቸው ኋላ ሲሄድ ሲሚንቶው ላይ የደም ነጠብጣብ አየ። ምስማር የጫማቸውን ሶል በስቶ ገብቶ ነበር። ከቤታቸው ጀምሮ ሲረግጡት መጥተዋል፤ አልተሰማቸውም። አስቀምጦ በጉጠት አወጣላቸው።

“ጫማ ሰፊው ነው መሰቀል ያለበት” አሉ።

ከዚያ በኋላ ከማል በራሱ ገንዘብ የብረት ሙቀት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ገዛ። ቻይና ሠራሽ ነው፤ በባትሪ ይሠራል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላቸው። ለእግራቸው የሚመች ለስላሳ ጫማም ጨምሮ ነበር። ጫማውን ወሰዱ። መሣሪያውን ከነካርቶኑ መሳቢያ ውስጥ ወረወሩት። “ባትሪ ሲያልቅበት የሚዋሽ ነገር እኔ ቤት አይገባም” አሉት። “የገዛኸው እኔን ልትፈትን ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ አትሞክረኝ።”

መንጠቆው የመጣ ቀን እኔ አልነበርኩም። የምጽፈው ከማል የነገረኝን፣ እትዬ አስካለ የነገሩኝን፣ የለቡው ፎርማን የነገረኝን ነው። የሚለያዩበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ስደርስ እናገራለሁ።

ክረምት ነበር። ለቡ ከሚሠራ አንድ ሕንፃ ቶሎሳ የሚባል ሠራተኛ የክሬን መንጠቆ በጆንያ ጠቅልሎ፣ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ቶሎሳ የፉሪ ልጅ ነው። ቤተሰቦቹ ከቀራቸው ቁራሽ መሬት ላይ ጎመንና ጥቂት ጤፍ ያመርታሉ፣ ላሞችም አሏቸው። እሱ ጠዋት አልቦ፣ ወተቱን አድርሶ፣ ከዚያ ሕንፃው ላይ ይሠራል። ሥራው ክሬኑ የሚያወጣውን ዕቃ ከታች ሆኖ ማሰርና መምራት ነው።

እትዬ አስካለ ገና በሩ ላይ አሸተቱት።

“መንጠቆ ነው ወይስ ላምህን ነው ተሸክመህ የመጣኸው?”

“ላሟ ብትሆን ኖሮ እስካሁን ታልባ ነበር፣ ኢንጂነር” አለ ቶሎሳ። “የእርስዎ ወረፋ ረጅም ነው።”

ከማል እንደሚለው፣ መልሶላቸው ያልተሰደበ ሰው ያየው ያን ቀን ብቻ ነው። ስቀው አስገቡት።

ችግሩ መብራት መጥፋቱ ነበር። ጥቁሩ መብራት በባትሪ ስለሚሠራ ግድ የለም። የታጠበ ብረት የሚያደርቁበት ማድረቂያ ግን በኤሌክትሪክ ነው። ውጭ ዝናብ ነው፤ በነፋስ አይደርቅም። ፎርማኑ እየደጋገመ ይደውላል፣ ነገ የኮንክሪት ሙሌት አለ፣ መንጠቆው ዛሬ ካልመጣ ሠራተኛውን ሁሉ ባዶ እጁን ሊመልስ ነው። ቶሎሳ ብሎኬት ማምረቻው ዘበኛ ቤት ከሰል ተያይዞ አየ።

“ለምን እዚያ ላይ አናደርቀውም?” አለ።

እትዬ አስካለ “ከፍ አድርጋችሁ ያዙት፣ እንዳይጠበስ” አሉ። በዚህ ከማልም እሳቸውም ይስማማሉ። ከማልና ቶሎሳ መንጠቆውን በሽቦ አንጠልጥለው እያፈራረቁ ያዙ፤ ቶሎሳ በካርቶን ከሰሉን ያራግብ ነበር። ሲደርቅ ዱቄቱን ነሰነሱና ኮንቴይነሩ ውስጥ አስገቡት። በሩ ተዘጋ። ጨለማ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ።

የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። እትዬ አስካለ ብረቱ ቀዝቅዞ ነበር ይላሉ። ከማል የሚለው ይህ ነው፦

“ይሞቃል፣ እትዬ” አላቸው።

“ምን አልክ?”

“በጨርቅ ይዤው እንኳ እጄን ፈጀኝ። ትንሽ ይቆይ።”

እሳቸው ግራ እጃቸውን ዘረጉ። ብረቱን አንጓቸው ላይ አስደግፈው፣ ከወትሮው በላይ ቆዩ። ከዚያ “እንደ ሬሳ ቀዝቅዟል” አሉ። “ለአንተ ምን የማይሞቅህ ነገር አለ? መዳፍህን ያን ቀን አቃጥዬው እስከ ዛሬ ይንቀጠቀጣል።”

ቶሎሳ ሳቀ። ከማልም ሳቀ።

“አንድ ጊዜ ተናገርኩ” ይላል ከማል፣ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። “ሁለተኛ አልተናገርኩም።”

መብራቱ በራ። ምንም አረንጓዴ አልታየም። እትዬ አስካለ “ንጹሕ” ብለው የወርክሾፑን ምልክት በማኅተም ምስማር መንጠቆው ላይ መቱበት። ቶሎሳ ዱቄቱን ጠርጎ በጆንያው ጠቀለለውና ጀርባው ላይ ሲያደርገው “ለዚህ ብርድ ጥሩ ነው፤ ጀርባዬን አሞቀኝ” አለ። ይህንንም የሰማው ከማል ብቻ ነው። ከማል እስከ አስፋልቱ ሸኝቶት፣ ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ ለጆንያው ተጨማሪ ክፈል እያለ ሲጨቃጨቀው አይቶ ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት ከማል እትዬ አስካለን ቀድመውት ገብተው ወርክሾፑ ውስጥ ተቀምጠው አገኛቸው። ሹራባቸውን እስከ ጣታቸው ድረስ ስበውታል። ብርድ ስለነበር አልገረመውም።

“የዚያ ፎርማን ስልክ አለህ?” አሉት።

ቁጥሩን ጠራላቸው። እሱ እየጠራ እሳቸው ስልካቸው ላይ ይነኩ ጀመር። መሐል ላይ አቆሙ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስቀመጡት።

“ምን ሆኑ፣ እትዬ?”

“ሻይ አፍላ” አሉት።

ፎርማኑን ጠይቄዋለሁ። ያን ቀን ከእሳቸው የመጣ ስልክ የለም። ኮንክሪት የተሞላውን ባልዲ ክሬኑ ሁለት ጊዜ አወጣ። በሦስተኛው፣ ከምሳ በፊት፣ መንጠቆው አንገቱ ላይ ተሰበረ። ቶሎሳ ሥሩ ነበር። ሐኪም ቤት አልተወሰደም፤ አያስፈልግም ነበር። ጠዋት ያለበው ወተት የሕንፃው ዘበኛ ቤት ውስጥ ለሠራተኞቹ ሻይ ተቀምጦ ነበር።

የአደጋው መርማሪ ቡድን የተሰበረውን መንጠቆ ይዞ ወደ ኮንቴይነሩ ሲመጣ እኔም ለዘገባ ተፈቅዶልኝ ገባሁ። እትዬ አስካለ ሁሉንም ጨለማ ውስጥ አስቀመጧቸው፤ እኔን ያስቀመጡኝን ያህል። ከዚያ ራሳቸው መብራቱን አበሩ። ስብራቱ ፊት ላይ፣ ከጠርዝ ጀምሮ፣ የጥፍር ቅርጽ ያለው አረንጓዴ ፍንትው ብሎ ታየ። ስንጥቁ ቀድሞም ነበረ፤ ዘይቱም ገብቶበት ነበር። ከቡድኑ አንዱ ጠየቀ።

“ታዲያ ያን ቀን ለምን አልታየም?”

“ውስጥ ያለው ነው የቀረው” አሉ እትዬ አስካለ፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ። “ላይ የወጣውን ከሰሉ ጠብሶታል። የተጠበሰ አይመለስም። የጠበሰው ከማል ነው። እኔ ጋ ሲደርስ ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። በአንጓዬ ለክቻለሁ።”

“አልተጠበሰም” አለ ከማል። “ሙቅ ነበር። ስለሞቀ ነው የደበዘዘው። ቢቆይ ይታይ ነበር። ነግሬአቸዋለሁ።”

“ስትነግራቸው ማን ሰማ?” አለው መርማሪው።

“ቶሎሳ።”

ከዚያ አንዱ መርማሪ በሩን ከፈተና መሳቢያዎቹን ማየት ጀመረ። ከነካርቶኑ ያለውን የሙቀት መለኪያ አወጣ።

“ይህ ለምን አልተሠራበትም?”

“ከማል ነው የገዛው” አሉ። “ራሱ ገዝቶ ራሱ አልተጠቀመበትም።”

ከሁለቱ ጋር ለዓመታት የተቀመጠ ሰው፣ ከማል ይስቃል ብሎ ይጠብቅ ነበር፤ አልሳቀም።

በሩ ተከፍቶ ብርሃን ሲገባ የእትዬ አስካለ ሰዓት ግራ እጃቸው ላይ መሆኑን አየሁ። ሰፊ የቆዳ ማሰሪያ ነበረው። ስንወጣ ጠየቅኋቸው።

“ወርክሾፑ ታሽጓል” አሉኝ። “ብረት የለ፣ ምን የለ። አሁን ግራውም ቀኙም አንድ ነው።”

መልሱ ምክንያታዊ ነበር። ወርክሾፑ አደጋው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ተዘግቷል፤ ከዚያ በኋላም አልተከፈተም።

ከማል ያን ክረምት ታስሮ ቆየ። መንጠቆው ሲነበብ ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ ማረጋገጥ ስላልተቻለ ተለቀቀ፤ ነገሩ ግን ሳይለይለት ቀረ። ብረት የሚመረምር ቤት ሁሉ ስሙን ሲሰማ በሩን ዘጋበት። አሁን ለቡ ውስጥ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይለጥፋል። ሰፈሩ “የመንጠቆው ከማል” ይለዋል። አንዳንዱ ጎማውን ሲያስለጥፍ “ሞቀ ወይስ ቀዘቀዘ?” እያለ ይቀልድበታል። ከማል አሁን በቀልድ አይስቅም።

የቶሎሳ እናት ከፉሪ ወደ ገበያ ሲያልፉ እሱ ጋ ይቆማሉ። አንድ ቀን እዚያው ነበርኩ። የወተት ጀሪካናቸውን መሬት ላይ አሳረፉ።

“ከማል፣ ልጄ ባለበት ይሞቃል ብለህ ነበር?”

“ብያለሁ፣ እማማ።”

“እሷ አላለም ትላለች።”

“አውቃለሁ።”

“እሷ የተማረች ናት” አሉት። ጀሪካናቸውን አንስተው ሄዱ። ከማል እንደነገረኝ፣ ጥያቄውም መልሱም ሁልጊዜ ይኸው ነው። ሰላምታ ሰጥተውት አያውቁም።

እትዬ አስካለን እስከ መጨረሻው እጎበኛቸው ነበር። መጀመሪያ የእግር ጣቶቻቸው ተቆረጡ፣ ቀጥሎ ዓይናቸው ሄደ። ምላሳቸው ግን አልታመመም። የምታስታምማቸውን የእህታቸውን ልጅ ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ፈጀ እያሉ ያስለቅሷት ነበር፤ ሾርባው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ቀን ከማል ምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ።

“ጎማ ይለጥፋል” አልኳቸው።

“ለሱ የሚመጥን ሥራ ነው” አሉ። “የጎማ ቀዳዳ ውኃ ውስጥ ሲነክሩት ራሱ ይናገራል። ማንበብ አይፈልግም።”

“እትዬ፣ መንጠቆው ሙቅ ነበር?”

የማያዩ ዓይኖቻቸውን ወደ ድምፄ መለሱ። “የስንት ዓመት ጋዜጠኛ ነህ?” አሉኝ። “ቀዝቃዛ ነበር። ጻፍ።”

ሰዓቱ ያን ቀንም ግራ እጃቸው ላይ ነበር። ቆሟል። ባትሪ ላስቀይርልዎ ወይ ስላቸው እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር ከተቱ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሀና ማርያም ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ከማል ከማዕዘኑ ገመድ ያጠብቅ ነበር። እጅ ነሳሁት፤ በአገጩ ወደ ውስጥ ግባ አለኝ። ሬሳውን ካጠቡት ሁለት ሴቶች አንዷ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ብርቄ ናቸው። ከማል ካለበት ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በመጨረሻ ብዙ ተሠቃይተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

“ገላቸው እንኳ የለም፣ አልቀዋል” አሉኝ። “ያቺ ሰዓት ነች ያስቸገረችን። ማሰሪያው ከገላቸው ተጣብቆ እምቢ አለ፤ በሳሙና ነው ያወጣነው። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳወለቋት እንጃ።”

“ከሥሩ ቁስል ነበረ?”

“ቁስልስ አልነበረም። የቃጠሎ ጠባሳ ነው፤ የድሮ፣ የደረቀ። እዚህ ጋ” ብለው የራሳቸውን አንጓ ውስጠኛ በኩል አሳዩኝ። “ሁለት ጣት የሚያህል ስፋት፣ ጎበጥ ያለ። ትኩስ ብረት የነካቸው ይመስላል።”

ከማል ገመዱን ይዞ ቆመ።

አብራቸው ያጠበችውን ሁለተኛዋን ሴት ጓሮ ሄጄ ለብቻዋ ጠየቅኋት። ጠባሳውን አይታዋለች። ግራ እጅ ነው አለችኝ።